የምትከተለን ነጥብ፦ ለረሽ ጠመንጃ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ስለመምረጥ

ከጎንደር ተነሥቶ ማክሰኝትን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚያመራ መንገደኛ እንፍራንዝ አካባቢ ሲደርስ በኮረብታ ላይ የቆመውን የጉዛራን ግንብ ያያል። በተለምዶ ለዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597 እ.ኤ.አ.) የሚሰጠው ይህ ግንብ የታነጸበት ቦታ ሲታይ፣ ቦታውን የመረጠው ሰው አርቆ ማየትን የሚወድ እንደነበር ለመገመት አያዳግትም። ከዚያ ሆኖ የጣናን ሐይቅ አሻግሮ ማየት ይቻላልና። ከግንቡ ግርጌ ባለው አገር ግን አርቆ ማየት ለሁሉም ሰው የተሰጠ ነገር አይደለም፤ በተለይም ዕድሜው ከኀምሳ ላለፈ፣ ጠመንጃ አንግቶ በማሽላ ማሳ ዳር ዝንጀሮ ለሚጠብቅ ገበሬ።

አጎቴ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ጠመንጃቸው ከአባታቸው የወረሱት፣ ፈቃድ ያለው፣ ሁለት አፈሙዝ የተጎራበቱበት የረሽ ጠመንጃ ነው፤ የከተማ ልጅ ሾትጋን የሚለው ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ማሽላው እሸት ባዘለበት ወቅት፣ አንድ ማለዳ ዝንጀሮ ማሳቸው ውስጥ ወረደ። አጎቴም ለማስደንገጥ ያህል ከዝንጀሮዎቹ በላይ አድርገው ተኮሱ። ዝንጀሮዎቹ ሸሹ። ነገር ግን ከማሳው ማዶ፣ ስድሳ ሜትር ያህል ርቆ ተኝቶ ያመሰኳ የነበረ የጎረቤት በሬ ጆሮውና ሻኛው ላይ በረሽ ተመታ። በሬው ዳነ፤ ካሳውም በሽማግሌ ተወስኖ ተከፈለ። ሆኖም በሽማግሌዎቹ ፊት ከተነገረው ሁሉ በአእምሮዬ የቀረው የጎረቤታችን አንድ ጥያቄ ነው፤ «በሬው ዘንድ እረኛው ልጄ ቢቀመጥ ኖሮስ?» አጎቴ የመለሱት አጭር ነበር፤ «ፍሬዋን አላየኋትም» አሉ። ፍሬ ያሏት በአፈሙዙ ጫፍ ላይ የተተከለችውን፣ ከሽንብራ ያነሰች የነሐስ ማነጣጠሪያ ነው።

ወሬው አሜሪካ ለሚኖረው ልጃቸው ደረሰ። እርሱ ደግሞ በዚያው አገር ልማድ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ በየዓመቱ የቱርክ ዶሮ የሚባለውን የዱር ወፍ የሚያድን ሰው ሆኗል። ስልክ ደወለና «ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ልገዛ ነው፤ አንድ ለራሴ፣ አንድ ለአባቴ። አንተ ፊዚክስ አስተማሪ ነህና የቱን ልግዛ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ በኋላ ካሰላሁትና ካነበብሁት የተገኘ ሲሆን፣ የሁለተኛ ደረጃ የብርሃን ትምህርት የተከታተለ ተማሪ ሁሉ ሊከተለው የሚችል ነው።

ዓይን በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አያይም

አንድ ሰው በተራ ጠመንጃ ሲያነጣጥር ሦስት ነገሮችን በአንድ መስመር ማሰለፍ ይጠበቅበታል፤ ለዓይን ቅርብ የሆነውን የኋላ ማነጣጠሪያ፣ በአፈሙዙ ጫፍ ያለውን የፊት ማነጣጠሪያና ዒላማውን። ችግሩ እነዚህ ሦስቱ በሦስት የተለያዩ ርቀቶች ላይ መገኘታቸው ነው። የዓይን ሌንስ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድን ርቀት ብቻ ነው አጥርቶ በሬቲና ላይ የሚያሳርፈው። የረሽ ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም፤ የኋላ ማነጣጠሪያው የተኳሹ ዓይን ራሱ ነው። ስለዚህም ነው ጉንጭ በሰደፉ ላይ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ማረፍ የሚገባው።

ብዥታው ምን ያህል እንደሆነ እንገምት። ዓይን በ1 ሜትር ርቀት ያለችውን የነሐስ ፍሬ አጥርቶ ቢያይ፣ በ40 ሜትር ያለው ዒላማ 1 ዳዮፕተር ለሚያህል ከትኩረት ውጭ ይሆናል። የብዥታው ዘዌ የዓይን ብሌን ስፋት በዚህ ቁጥር ሲባዛ የሚገኘው ነው። ብሌኑ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን 0.003 ራዲያን ይመጣል። ይህም በ40 ሜትር ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉም ማለት ነው። በተቃራኒው ዓይን ዒላማውን አጥርቶ ካየ ፍሬዋ ራሷ በዚያው ልክ ትደበዝዛለች።

ወጣት ይህን ችግር ብዙም አያስተውለውም። የሃያ ዓመት ወጣት የዓይን ሌንስ ወደ 10 ዳዮፕተር የሚደርስ የትኩረት ለውጥ ማድረግ ስለሚችል ከፍሬዋ ወደ ዒላማው፣ ከዒላማው ወደ ፍሬዋ በቅጽበት ይመላለሳል። በኀምሳ ዓመት ይህ ችሎታ ከ2 እስከ 3 ዳዮፕተር ወደሚደርስ መጠን ይወርዳል፤ በስድሳ ዓመት 1 ዳዮፕተር ቢገኝ ነው። የአጎቴ ፍሬ የጠፋችው ከዚህ የተነሣ ነው። ነሐሱ ስላረጀ የጠፋች መስሏቸው በአሸዋ ሲፈትጉዋት ከርመዋል።

ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?

ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ የሚለውን ስም ስንሰማ ብዙዎቻችን የምናስበው በፊልም ላይ የምናየውን፣ በሰው ደረት ላይ የምታርፈውን የሌዘር ነጥብ ነው። ይህ ስሕተት ነው። እኛ የምንነጋገርበት መሣሪያ ወደ ዒላማው የሚልከው አንዳችም ብርሃን የለም። ነጥቧን የሚያያት ተኳሹ ብቻ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት በልጅነታችን የገረመንን ነገር እናስታውስ። ማታ ከማክሰኝት ወደ እንፍራንዝ በመኪና ስንጓዝ የመንገዱ ዳር ባሕር ዛፎች ወደ ኋላ ይሮጣሉ፤ ራቅ ያሉት ኮረብቶች ቀስ ብለው ይንሸራተታሉ፤ ጨረቃ ግን ከእኛ ጋር ትሄዳለች። ጨረቃ እጅግ ሩቅ በመሆኗ ከእርሷ ተነሥተው ወደ እኛ የሚደርሱት ጨረሮች፣ እዚህ ብንቆም ወይም አንድ ኪሎ ሜትር ብንሄድ፣ ትይዩ ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህም ቦታችንን ብንለውጥም የምናያት በዚያው አቅጣጫ ነው። በቅርብና በሩቅ ባሉ ነገሮች መካከል፣ ተመልካቹ ቦታ ሲለውጥ የሚታየው ይህ የአቀማመጥ መዛነፍ ፓራላክስ ይባላል።

እንግዲህ ጥያቄው በጠመንጃ ላይ ትንሽ ጨረቃ እንዴት ይተከላል የሚል ይሆናል። መልሱን የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፋችን ይሰጠናል። በሰርጓዳ መስታወት የትኩረት ነጥብ ላይ የተቀመጠ የብርሃን ምንጭ ጨረሮቹ ከመስታወቱ ሲንጸባረቁ ትይዩ ሆነው ይወጣሉ። ትይዩ ጨረር ዓይኑ ውስጥ የገባለት ሰው ደግሞ ምንጩን እጅግ ሩቅ ሆኖ ያየዋል። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ምንጭ ብርሃን ሰጪ ዳዮድ ወይም በተለመደው አጠራር ኤል ኢ ዲ ነው። መስታወቱ እንደ ፊት መስታወት ብርሃን የማያሳልፍ ሳይሆን፣ 650 ናኖ ሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለውን ቀዩን ብርሃን ብቻ መርጦ የሚያንጸባርቅና ሌላውን የሚያሳልፍ ስስ ቅብ ያለበት ሌንስ ነው። ስለሆነም ተኳሹ በመስኮቱ አሻግሮ ዒላማውን እያየ፣ ነጥቧ በዚያው በዒላማው ርቀት ላይ የቆመች ትመስለዋለች። ሦስት ይሰለፉ የነበሩት ነገሮች ሁለት ሆኑ፤ ሁለቱም በሩቅ ያሉ ናቸው። ዓይን መመላለስ አያስፈልገውም። ቀዩ ብርሃን ከሚያልፈው ላይ ስለተነሣም በእንዲህ ዓይነቱ መስኮት የሚታይ ዓለም ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል፤ ይህ የመሣሪያው ጉድለት አይደለም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1900 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዓይነቱ ማነጣጠሪያ የፈጠራ መብት ያገኘው የደብሊኑ ቴሌስኮፕ ሠሪ ሰር ሃዋርድ ግራብ ነው። በግሪኒች የሚገኘውን የ28 ኢንች ትልቅ ቴሌስኮፕ በ1893 ሠርቶ ያስረከበው እርሱ ነበር። ከዋክብትን ለማየት የሚደክም ሰው «ሩቅ የሚመስል ነጥብ» ማሰቡ አይገርምም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ መርሕ ያነጣጥሩ ነበር። ለእጅ መሣሪያ እስኪደርስ የዘገየው ምንጩ ነው፤ አምፑል ትልቅ ነው፣ ይሞቃል፣ ባትሪ ይበላል። ከፊል አስተላላፊ ዳዮዶች ከመጡ በኋላ በ1975 የስዊድኑ ኤምፖይንት የመጀመሪያውን ኤሌክትሮኒክ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የአስትሮኖሚ ክበብ በሚገኙ ትንንሽ ቴሌስኮፖች ላይ ኮከብ መፈለጊያ ሆና የምትገጠመው ቀይ ነጥብም የዚሁ ዘር ናት። ጠመንጃ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ መርሑን በእርሷ ማየት ይችላል።

ቤት ውስጥም መሞከር ይቻላል። ፊትን አጉልቶ የሚያሳይ የመላጫ መስታወት ውሰዱ። የፀሐይን ብርሃን በመስታወቱ ወረቀት ላይ ሰብስባችሁ የትኩረት ርቀቱን ለኩ፤ በምንም ምክንያት በመስታወቱ ውስጥ ፀሐይን አትመልከቱ። ከዚያም ትንሽ ቀይ ኤል ኢ ዲ በአልሙኒየም ወረቀት ሸፍናችሁ በመርፌ ብሱና በለካችሁት ርቀት ላይ ከመስታወቱ ፊት አቁሙ። ከኋላው ራቅ ብላችሁ ስታዩ፣ ከመስታወቱ ጠርዝ ባሻገር ከሚታየው የሩቅ ኮረብታ አንጻር ነጥቧ ራሳችሁን ወደ ቀኝ ወደ ግራ ብታደርጉም አትነቃነቅም። ኤል ኢ ዲውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ መስታወቱ አቅርቡና እንደገና ሞክሩ፤ ነጥቧ መንሸራተት ትጀምራለች። ርካሽ ማነጣጠሪያ ከጥሩው የሚለይበትን ግማሽ ያህሉን ምክንያት አሁን አያችሁት።

ረሽ ማነጣጠር ወይስ መጠቆም?

አሁን ወደ ጠመንጃው እንምጣ። የረሽ ጠመንጃ መጠን የሚነገርበት መንገድ ራሱ አንድ የጂኦሜትሪ ጥያቄ ይዟል። «ቁጥር 12» ማለት አፈሙዙን ልክ የሚሞሉ 12 የእርሳስ ድብልብሎች አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 453.6 ግራም፣ ይመዝናሉ ማለት ነው። እያንዳንዱ 37.8 ግራም ይሆናል። የእርሳስ እፍግታ በሴንቲ ሜትር ኩብ 11.34 ግራም ስለሆነ ይዘቱ 3.33 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ የድብልብሉ ስፋት ደግሞ 1.85 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የቁጥር 12 አፈሙዝ ስፋትም በእርግጥ 18.5 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥር 20 ከቁጥር 12 የሚጠበው ለምን እንደሆነም ከዚህ ይገባናል።

በዚህ አፈሙዝ የሚወጣው ግን ዘወትር አንድ ድብልብል አይደለም። ለወፍ በሚውለው ጥይት ውስጥ 32 ግራም የሚሆን፣ እያንዳንዱ 2.4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው እርሳስ ይኖራል። አንዱ 0.08 ግራም ያህል ስለሚመዝን በድምሩ 400 ገደማ ይሆናሉ። ከአፈሙዝ እንደወጡ መበተን ይጀምራሉ። ጫፉ ካልጠበበ አፈሙዝ የሚወጣ ረሽ በግምት በእያንዳንዱ ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። በ40 ሜትር አንድ ሜትር የሚሰፋ ክብ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ብዙ የገበያ ወሬን ባዶ ያስቀረዋል። ለምሳሌ ያህል ሻጮች «ፓራላክስ የለውም» እያሉ ዋጋ ይጨምራሉ። ጨረሩ በትክክል ትይዩ ከሆነ፣ ዓይናችን ከመስኮቱ መሐል 1 ሴንቲ ሜትር ቢዛነፍ በዒላማው ላይ የምናገኘው ስሕተት ያው 1 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ10 ሜትርም በ80 ሜትርም። አንድ ሜትር በሚሰፋ ረሽ ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ምን ትርጉም አለው? ለዚህ ገንዘብ መክፈል ኩንታል በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ወርቅ እንደመመዘን ነው።

በሚበርር ወፍ ላይ ደግሞ ቀይ ነጥብ ጭራሽ እንቅፋት ሊሆን ይችላል። ረሹ በአማካይ በሰከንድ 300 ሜትር ቢጓዝ 30 ሜትር ለመድረስ አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። በሰከንድ 15 ሜትር የምትበርር ርግብ በዚህ ጊዜ ውስጥ 1.5 ሜትር ትሄዳለች። ስለዚህ የሚተኮሰው ወደ ወፏ ሳይሆን ወደምትደርስበት ባዶ ሰማይ ነው። ልምድ ያለው አዳኝ ሁለት ዓይኑን ከፍቶ፣ ወፏን ብቻ እያየ፣ በጠመንጃው ይጠቁማል፤ ልክ በጣት እንደምንጠቁመው። የምታበራ ነጥብ ዓይኑን ከወፏ ላይ ሰርቃ ወደ ራሷ ትስበዋለች። ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም፤ ብዙ የረሽ ተኳሾች የነሐሷን ፍሬ እንኳ አናያትም ይላሉ።

ታዲያ ቀይ ነጥብ ለረሽ ጠመንጃ የሚጠቅመው መቼ ነው? በሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው የአጎቴ ልጅ እንደሚያደርገው፣ ጫፉ በጣም በጠበበ አፈሙዝ፣ ቆሞ በሚለቅም ወፍ ላይ ሲተኮስ ነው፤ ረሹ ተሰብስቦ ስለሚሄድ እንደ ተራ ጠመንጃ በትክክል ማነጣጠርን ይጠይቃል። ሁለተኛው በረሽ ፈንታ አንድ ወፍራም ድብልብል ሲተኮስ ነው። ሕዝብ በሰፈረበት ሜዳማ አካባቢ፣ የሩቅ ጠመንጃ ጥይት እጅግ ርቆ ስለሚሄድ አጋዘንን በረሽ ጠመንጃና በነጠላ ድብልብል ብቻ ማደን የሚፈቅዱ የአሜሪካ ግዛቶች አሉ። እዚያ አምስት ሴንቲ ሜትርም ዋጋ አላት።

ለአጎቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ

ከሁሉ አስቀድሜ የነገርሁት ስለ ነጥቧ ስፋት ነው። የነጥብ ስፋት የሚለካው በዘዌ ደቂቃ፣ ማለትም በአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ነው። አንድ ደቂቃ በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። ጤናማ ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ዝርዝርም በግምት ይኸው አንድ ደቂቃ ነው። ባለ 2 ደቂቃ ነጥብ በ40 ሜትር 2.3 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ 6 ደቂቃው 7 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። ሰፊዋ ነጥብ በፍጥነት ትገኛለች፤ ጠባቧ ዒላማውን አትጋርድም። ለተበተነ ረሽ ስድስትም አይበዛም። ለጠበበ አፈሙዝና ለነጠላ ድብልብል ግን ከ2 እስከ 4 ይበቃል። የመስታወቱ የትኩረት ርቀት 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለባለ 2 ደቂቃ ነጥብ የሚያስፈልገው የብርሃን ቀዳዳ ስፋት 0.03 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከጸጉር ዘለላ የቀጠነ። እንዲህ ያለ ነገር በርካሽ ሲሠራ ጠርዙ የተበጣጠሰ ነጥብ ቢወጣ አይደንቅም።

ይሁን እንጂ ነጥቧ ኮከብ ወይም ጭራ ያላት መስላ ብትታይ መሣሪያውን ከመራገም በፊት ዓይንን መጠርጠር ይገባል። የዓይን ብሌን ፊት ለፊት ያለው ሽፋን ፍጹም ድብልብል ካልሆነ፣ ማለትም አስቲግማቲዝም ካለ፣ ነጥብ ወደ አንድ ጎን ተጎትታ ትታያለች። መለያው ቀላል ነው። በተንቀሳቃሽ ስልክ ካሜራ በመስኮቱ ውስጥ ነጥቧን ፎቶ ማንሣት። በፎቶው ላይ ጥርት ብላ ከወጣች ጥፋቱ የዓይን ነው። የአጎቴ ልጅ ይህን ሱቅ ውስጥ ሞክሮ የራሱን አስቲግማቲዝም በዚያው አወቀ።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ርግጫ ነው። ብዙ ገዢ የማያስበውና እኔ ግን ዋናው ነው የምለው ይህ ነው። የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ እናስብ። 32 ግራም ረሽ በሰከንድ 400 ሜትር ሲወጣ ሞመንተሙ 12.8 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ነው። የባሩዱን ጋዝ ብንተወው እንኳ 3.2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠመንጃ በሰከንድ 4 ሜትር ወደ ኋላ ይራገጣል፤ ጉልበቱም 25.6 ጁል ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ረሹ አፈሙዙን ለቅቆ እስኪወጣ፣ በሦስት ሺሕኛ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። ስለዚህ አማካይ ፍጥንጥነቱ በሰከንድ በሰከንድ 1,300 ሜትር ያህል፣ ማለትም የመሬት ስበት ፍጥንጥነት 130 እጥፍ በላይ ነው። 100 ግራም የሚመዝን ማነጣጠሪያ በዚያች ቅጽበት በብሎኖቹ ላይ እንደ 13 ኪሎ ግራም ሸክም ይከብዳል፤ 30 ግራም የሚመዝነው ግን እንደ 4 ኪሎ ብቻ። ከፍተኛው ግፊት ደግሞ ከአማካዩ በብዙ ይበልጣል። እንግዲህ ለአየር ጠመንጃ ተብሎ የተሠራ ርካሽ ማነጣጠሪያ በረሽ ጠመንጃ ላይ ተገጥሞ በሃያኛው ጥይት ነጥቧ ቢጠፋ ማን ይፈረድበታል? ቀላል፣ ብሎኑ ጠንካራ፣ ለቁጥር 12 ርግጫ እንደተሠራ ሠሪው በግልጽ የጻፈበትን መምረጥ ይገባል።

ስለ ፍጥነት ጉልበት ካነሣን ዘንድ አንድ የጎንደር ታሪክ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. ከ1770 ጀምሮ በጎንደር የቆየው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ በሞራ የተሠራ የሻማ ጉማጅ በጠመንጃ ተኩሶ ሦስት ጋሻዎችን እንደበሳ ጽፏል። ብሩስን የሚያነብቡ ሁሉ እንደ ጉራ አይተውት ይሆናል፤ ነገር ግን ጉልበት በመጠነ ቁስ ብቻ ሳይሆን በፍጥነት ካሬ የሚያድግ መሆኑን ለሚያውቅ ተማሪ ሻማ ጋሻ መብሳቱ ያን ያህል እንግዳ አይደለም።

ብርሃኑን በሚመለከት፣ መሣሪያው በራሱ የሚያስተካክል ሳይሆን በእጅ የሚስተካከል ቢሆን እመርጣለሁ። በራሱ የሚያስተካክለው የሚለካው ተኳሹ የቆመበትን ቦታ ብርሃን ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ፀሐይ የበዛበትን ሜዳ ለሚመለከት ሰው ነጥቧን አደብዝዞ ያጠፋበታል። በደጋ ፀሐይ ሥር ብሌን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ስለሚጠብ ነጥቧ ደማቅ መሆን አለባት፤ በንጋት ደግሞ ያው ድምቀት ዓይን ያጭበረብራል።

ባትሪ ብዙ አያሳስብም። በሳንቲም ቅርጽ የሚሠራው ባለ 3 ቮልት ባትሪ 225 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል። ጥሩ የሚባሉት ማነጣጠሪያዎች በአንድ ባትሪ 50,000 ሰዓት ይሠራሉ ሲባል፣ የሚስቡት 4.5 ማይክሮ አምፔር ብቻ ነው ማለት ነው። ይህም ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ ሳይጠፋ መብራት ነው።

የሚገጠምበት ከፍታ ግን ያሳስባል። ከአፈሙዙ በላይ ከፍ ብሎ የተተከለ ማነጣጠሪያ ተኳሹን ጉንጩን ከሰደፉ እንዲያነሣ ያስገድደዋል። ሰደፍ ያልነካ ጉንጭ ደግሞ በርግጫው ጊዜ በጥፊ ይመታል፤ ይህን ሒሳብ ሳይሠራ የተማረው ሰው ብዙ ነው። በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ የሚገጠም ይሻላል።

የአጎቴ ጠመንጃ

የአጎቴ ልጅ ለራሱ ባለ 3 ደቂቃ ነጥብ ያለውን፣ ቀላሉን ገዛ። ለአባቱ የታሰበው ሁለተኛው ግን አይገዛ ብዬ መከርሁ። አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። በአገራችን የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ስለሆነ፣ ለጠመንጃ የሚገጠም ዕቃ ከውጭ በሻንጣ ይዞ ከመምጣት በፊት የሚመለከተውን አካል መጠየቅ ይገባል። የዱር እንስሳትም ቢሆኑ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተጠበቁ ናቸው፤ ዝንጀሮን ማባረርና ዝንጀሮን መግደል በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

ዋናው ምክንያት ግን ፊዚክስ ነው። የዚያን ማለዳ ተኩስ እንመልከተው። በሬው 60 ሜትር ርቆ ነበር። በዚያ ርቀት ረሹ 1.5 ሜትር ያህል የሚሰፋ ክብ ሆኗል፤ ስፋቱ 1.77 ሜትር ካሬ ነው። 400 እርሳሶች በእኩል ቢበተኑ በአንድ ሜትር ካሬ ከ220 በላይ ይደርሳሉ። አጎቴ ፍሬዋን አጥርተው ቢያዩአትም፣ በፍሬዋ ፈንታ የምታበራ ቀይ ነጥብ ቢኖራቸውም፣ ከዝንጀሮዎቹ በላይ ያለፈው ረሽ የሚያርፍበት ቦታ ያው ነበር። ነጥብ የት እንደምንጠቁም ትነግረናለች እንጂ ከዚያ ባሻገር ማን እንደተቀመጠ አትነግረንም። እንዲህ ያለው ጥቃቅን ረሽ ሽቅብ ቢተኮስ እስከ 190 ሜትር ገደማ ሊሄድ ይችላል፤ ነጠላ ድብልብል ደግሞ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ። በማሳው ማዶ ያለው መንገድ ከዚህ የቀረበ ነው። ይህን በእርምጃ አብረን ለካነው።

ስለ ዓይናቸው ግን አንድ ነገር ማድረግ ይቻል ነበርና አደረግን። ፍሬዋን ለማየት 1 ዳዮፕተር፣ ሩቁን ለማየት 0 የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የ+0.5 ዳዮፕተር መነጽር ብዥታውን ለሁለት ያካፍለዋል፤ ፍሬዋም ዒላማውም ለየራሳቸው ግማሽ ያህል ብቻ ይደበዝዛሉ። በአንዲት የዓይን ክሊኒክ ተለክተው ይህን የመሰለ መነጽር አሠሩ። የነሐሷን ፍሬም በነጭ የጥፍር ቀለም ቀባናት።

መጀመሪያ ያዩባት ጠመንጃቸውን አንሥተው አልነበረም። መነጽሩን እንዳደረጉ ወደ ጉዛራ ዞሩና ግንቡን ትክ ብለው ተመለከቱ። ከዚያም የማሳቸውን ማዶ ጠርዝ ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ አዩት፤ የጎረቤታችን ልጅ ከብቶቹን ይዞ የሚቀመጥባትን ዋርካ ሲደርሱ ቆሙ። አሁን በዚያ ወገን አይተኩሱም። ዝንጀሮው ከዚያ በኩል ሲመጣ ወንጭፋቸውን ያነሣሉ።